የነብር ግልገል ሲገኝ፦ ለእናቱ መተው፣ ለዱር ማሳደግ ወይስ በመጠለያ ማኖር?

«የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ በሰዎች መካከል ላለ ጉዳይ ይነገራል እንጂ ነብርን በቀጥታ ለሚመለከት ውሳኔ ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም። ይሁንና ብቻውን የተገኘ የነብር ግልገል ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ አባባል የቀረበ መነሻ አላገኘሁም፤ ያሉት አማራጮች አንዱ ሲያስቸግር ወደ ሌላው የሚዞርባቸው አይደሉምና። ግልገሉን ካገኘበት ያነሣ ሰው ወደ እናቱ የሚመለስበትን ዕድል በየሰዓቱ ያጠበዋል፤ ስም አውጥቶለት፣ በጡጦ አጥብቶት፣ ከልጆቹ ጋር ያጫወተው ደግሞ እንስሳው አንድ ቀን በዱር ራሱን ችሎ የሚኖርበትን በር ሳያውቀው ዘግቶታል። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው መታየት ባለባቸው ቅደም ተከተል ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጀሁት በሐዋሳና በዙሪያዋ ያለውን ሁኔታ በማሰብ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሎካ አባያ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የወንዶ ገነት ተራሮች ደን፣ ወደ ሰሜን አብያታ ሻላ፣ በምሥራቅ በኩል ራቅ ብሎ ደግሞ የባሌ ተራሮችና የሐረና ደን ይገኛሉ። ነብር ሚዳቋ፣ ድኩላ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ፣ ሲቸግረውም ሽኮኮ፣ አይጥና ወፍ እየበላ መኖር ስለሚችል፣ ሳይታይ በሰው አጠገብ የመኖር ችሎታው ከትልልቆቹ የድመት ዘመዶች ሁሉ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ግልገሎቹን ቀድሞ የሚያገኛቸው የፓርክ ጠባቂ ወይም የእንስሳት ሐኪም ሳይሆን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ፣ እንጨት የምትለቅም ሴት ወይም መሬት የሚመነጥር ገበሬ ነው።

በመጀመሪያ፣ በእርግጥ ነብር ነው?

«የነብር ልጅ ተገኘ» ከሚባለው ውስጥ የሌላ እንስሳ ልጅ ሆኖ የሚገኝ አለ። የአነር ልጅ ጆሮው ከጭንቅላቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትልቅ፣ እግሩ ረጅም፣ ጅራቱ አጭር ሲሆን ነጠብጣቡም ነጠላ ነጠላ ነው። የአቦ ሸማኔ ልጅ ከዓይኑ ወደ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው፤ ከአንገቱ እስከ ጀርባውም ግራጫማ ረጅም ጸጉር ቆሞ ይታያል። የጅብ ቡችላ መላ አካሉ ጥቁር ቡናማ ነው። የነብር ግልገል ግን ነጠብጣቡ እጅግ የተጠጋጋ በመሆኑ ከሩቅ ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ግራጫ ይመስላል፤ ጅራቱ ረጅም፣ ጆሮው አጭርና ክብ፣ እግሩም ወፍራምና አጠር ያለ ነው። ልየታው ለእውቀት ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በድብቅ ስለሚሸጡ፣ እንዲህ ያለ ግልገል በከተማ ውስጥ ወይም በተሽከርካሪ ላይ ከተገኘ ጉዳዩ የተፈጥሮ ሳይሆን የወንጀል ይሆናል።

ለእናቱ መተው

ነብር ለሦስት ወር ከጥቂት ቀን አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግልገል ትወልዳለች። ሲወለዱ ዓይናቸው የተዘጋ፣ ክብደታቸውም ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ዓይናቸውን የሚገልጡት በ10ኛው ቀን አካባቢ ነው። እናቲቱ በዋሻ፣ በአለት ስንጥቅ ወይም በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ትደብቃቸውና ለአደን ትሄዳለች፤ ሳትመለስም ከአንድ ቀን በላይ ልትቆይ ትችላለች። መደበቂያውንም በየጊዜው ስለምትቀይር አንዱን አጓጉዛ ሌላውን ለመውሰድ እስክትመለስ ድረስ አንድ ግልገል ብቻውን የሚቀርበት ሰዓት አለ። ስለዚህ ብቻውን የተገኘ ግልገል እናት አልባ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ እናቱ መሞቷ በዓይን ካልታየ በስተቀር በሕይወት እንዳለች መቁጠር ይገባል።

በዚህ ረገድ ሰፊ ልምድ ያላት ህንድ ናት። በማሃራሽትራ ግዛት ጁናር በሚባለው አካባቢ ነብሮች በሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ ስለሚወልዱ፣ በአጨዳ ወቅት አጫጆች ግልገሎችን ያገኛሉ። የደን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችና የእንስሳት ሐኪሞች ግልገሎቹን መርምረው፣ በዚያው ቀን ሲመሽ ከላዩ ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ አድርገው በተገኙበት ቦታ ያስቀምጧቸዋል፤ ሰዉም ይርቃል፤ እናቲቱም በሌሊት መጥታ በአፏ አንጠልጥላ የወሰደችበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰው ሽታ የነካውን ልጅ እናት ትጥላለች የሚለው እምነት በእኛም ዘንድ ሥር የሰደደ ቢሆንም የጁናር ተሞክሮ አይደግፈውም።

እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት በነብር ሳይሆን በአነር ነው። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ «የነብር ልጅ ተይዟል» ተብለን ስንደርስ፣ ምድጃው አጠገብ ባለ ካርቶን ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ የአነር ልጅ አገኘን። ለሦስት ቀን የላም ወተት በጡጦ ሲሰጡት ስለቆዩ ሆዱ ተነፍቷል፤ የኋላ እግሮቹም በተቅማጥ ተበላሽተዋል። ምን ዓይነት ዱቄት ወተት ይገዛለት እያልን ስንማከር የግቢው ባለቤት የሆኑት አዛውንት «ልጄ፣ እናቱኮ ማታ ማታ ከእንሰቱ ጀርባ ትጮኻለች፤ ውሻው ነው የሚያባርራት» አሉ። ውሻውን ሌላ ግቢ ወስደን አሰርነው፤ ካርቶኑን ልጁ ከተገኘበት ጥግ አስቀምጠን በዙሪያው የምድጃ አመድ በተንን። በማግሥቱ ማለዳ ካርቶኑ ባዶ ነበር፤ በአመዱ ላይም የመጣ አንድ ዱካ፣ የሄደም አንድ ዱካ ታተመ። በመካከሉ የጠፋው ሦስት ቀን እናቲቱ አልፈልግ ብላ ሳይሆን እኛ ሰዎች ጥያቄውን ሳንጠይቅ ያሳለፍነው ነው።

ይህ አማራጭ በነብር ላይ ሲተገበር ሁለት ነገር ይጨመርበታል። የመጀመሪያው የሰው ደኅንነት ነው፤ ግልገሏን የምትፈልግ ነብር በጣም አደገኛ ስለሆነች ማንም ሰው በእግሩ ቆሞ መጠበቅ የለበትም፤ ክትትሉ ከተዘጋ ተሽከርካሪ ውስጥ ወይም በራሱ በሚያነሣ ካሜራ መሆን አለበት። ሁለተኛው ጅብ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ ጅብ በየሌሊቱ ስለሚዞር፣ ሣጥኑ ያለ ጠባቂ ከታደረ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ሊሆን ይችላል። ሙከራው በመጀመሪያው ሌሊት ካልተሳካ ግልገሉ ቀኑን በጨለማና በሞቀ ቦታ ውሎ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሽት እንዲደገም እመክራለሁ። ወጪው ከሌሎቹ አማራጮች ጋር አይወዳደርም፤ ውጤቱ ደግሞ ሌሎቹ ሊሰጡት የማይችሉት ነው፤ ነብርን እንደ ነብር እናት አድርጎ የሚያሳድግ የለምና።

ለዱር ማሳደግ፦ ሁለት የተለያዩ መንገዶች

የእናቲቱ ሞት ከተረጋገጠ ወይም ሙከራው ከከሸፈ ቀጣዩ ጥያቄ ግልገሉ ለዱር ሕይወት ሊያድግ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይቻላል፤ ተደርጓልም። ነገር ግን የተደረገበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም መታየት አለበት።

አንደኛው መንገድ ሰው ራሱ እናት የሚሆንበት ነው። ኬንያ ውስጥ ጆይ አዳምሰን የተባለችው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፔኒ የተባለችን ነብር በሻባ ጥብቅ ስፍራ አብራት እየተንቀሳቀሰች ለዱር አብቅታታለች። በህንድ ዱድዋ በሚባለው የደን አካባቢ ደግሞ አርጃን ሲንግ የተባለ ሰው በዚያው አሥርት ዓመት አንድ ወንድና ሁለት ሴት ነብሮችን በየቀኑ ጫካ ለጫካ እያዞረ አሳድጓል። ከሴቶቹ አንዷ ሃሪየት በዱር ካለ ወንድ ነብር ጋር ተራክባ ወለደች። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተሟላ ስኬት ነው። ይሁንና ወንዙ ሞልቶ ጎርፍ ሲመጣ ሃሪየት ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ያመጣችው ወደ አርጃን ሲንግ ቤት ነበር። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ ልቡ ይነካል፤ የእኔም ተነክቷል። ነገር ግን ያው ነብር ጎርፍ ሲመጣ ግልገሎቿን ይዛ ወደ አንድ የሲዳማ ገበሬ ጎጆ ብትገባ ምን ይሆን ነበር? የሚጠብቃት ጦርና መርዝ የተቀባ ሥጋ ነው፤ ገበሬውም ሊወቀስ አይችልም። አንድን ሰው ብቻ የምትወድና ሌሎችን ሁሉ የምትሸሽ ነብር የለችም፤ የምትለምደው የሰውን ሽታ፣ ድምፅና ቤት በጠቅላላ ነው።

መልመድ ምን ማለት እንደሆነ የሐዋሳ ሰው በመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። አሞራ ገደል በጠዋት የወረደ ሁሉ አባ ኮዳዎቹ ቆሮሶ በሚገፈፍበት ቦታ ተሰልፈው የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ አይቷል፤ በሐይቁ ዳር ባሉ መናፈሻዎች ጦጣዎቹ ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ነጥቀው ዛፍ ላይ ሲወጡ ደግሞ ስቋል። ጦጣዋ በመጀመሪያ የተሰጣትን ተቀበለች፤ ቀጥሎ ጠየቀች፤ አሁን ትነጥቃለች። ይህ ሂደት 60 ኪሎ በሚመዝን ሥጋ በል እንስሳ ላይ ሲደርስ የሚያስቅ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ሰውን ከግልገሉ ዓይን የሚያወጣ ነው። በሩሲያ የሶቺ የነብር ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነብሮች በካውካሰስ ተራሮች የለቀቀው በ2016 ነው። በማዕከሉ ግልገሎች በሰፊ አጥር ውስጥ ከገዛ እናታቸው ጋር ያድጋሉ፤ ጠባቂዎች ሳይታዩ በካሜራ ይከታተሏቸዋል፤ ከመለቀቃቸው በፊትም ሕያው አደን ራሳቸው ማደን መቻላቸውና ሰውን መሸሻቸው ይፈተናል። ነብሮቹ ከእኛዎቹ የተለዩ የእስያ ወገን መሆናቸውን ወደ ጎን ትተን አሠራሩን ብቻ ብናይ፣ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የምንለቅበት ምድር ሁሉ ሰው፣ ፍየልና ውሻ ያለበት ነው። ችግሩ ግልጽ ነው፦ በሶቺ እናት ነበረች፤ በእኛ ዘንድ የተገኘው ግልገል እናት የለውም። ስለዚህ ዓይኑ ሳይገለጥ የተገኘ ግልገል በሰው እጅ መጥባቱ የማይቀር በመሆኑ ለዚህ መንገድ የሚኖረው ብቃት ያነሰ ሲሆን፣ ሥጋ መብላት ጀምሮ ከእናቱ ጋር አደን ያየ፣ ሰው ሲቀርበውም የሚተፋና የሚቧጭር የአምስት ወይም የስድስት ወር ግልገል እጅግ የተሻለ ዕጩ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሰዎች «ለማዳ ነው፣ ያሳዝናል» ብለው ለዱር የሚመኙት የመጀመሪያውን፣ «ክፉ ነው» ብለው የሚያስሩት ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ አመጋገቡ ከመጀመሪያው ቀን ውጤቱን ይወስናል። ግልገሉ በሚጠባበት ጊዜ እንደ ሕፃን በጀርባው ተንጋሎ ሳይሆን በሆዱ ተኝቶ መመገብ አለበት፤ አለበለዚያ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በጣም ትንሽ ከሆነ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ሆዱና መቀመጫው በእርጥብ ጥጥ ካልታሸ ሽንት እንኳ አይወጣለትም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ሥጋ መቅመስ ይጀምራል፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ጡት ይተዋል። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው፤ አሳዳጊው ለግልገሉ አዝኖ ከሥጋ ቤት ምርጥ ብልት ያለ አጥንት እየገዛ ይሰጠዋል። አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረስ የበዛበትና ካልሲየም እጅግ ያነሰበት ስለሆነ የግልገሉ አጥንት ይለሰልሳል፤ እግሩ ይጎብጣል፤ ከዝቅተኛ ቦታ ሲዘል እንኳ ይሰበራል። እንዲህ የተጎዳ ነብር ዛፍ ላይ አደን ይዞ መውጣት ስለማይችል የመለቀቅ ተስፋው ያበቃል። ጥንቸልና ዶሮ ከነላባቸውና ከነአንጀታቸው፣ ፍየል ከነአጥንቱ መስጠት ነው ትክክሉ። ምግቡም ከሰው እጅ መምጣቱ እንዳይታወቅ በማታ፣ በተለያየ ቦታ፣ ተደብቆ መቀመጥ አለበት።

በዱር ግልገል ከእናቱ የሚለየው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በአጥር ያደገው ከዚህ ቀድሞ ሊለቀቅ አይገባም፤ ስለሆነም ይህን አማራጭ የሚመርጥ ተቋም ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰፊ አጥር፣ ሕያው አደን፣ ሐኪምና ዝምተኛ ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል። ዝምተኛ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ በአጥሩ አጠገብ የሚጫወቱና ፎቶ የሚነሡ ሠራተኞች የሁለት ዓመት ሥራ በሁለት ሳምንት ያበላሻሉ።

የት ይለቀቃል?

ጫካ ስላለ ብቻ ቦታ አለ ማለት አይደለም። ወንድ ነብር ግዛቱን ይጠብቃል፤ የእርሱ ያልሆኑ ግልገሎችን ይገድላል፤ እንግዳ ወጣትንም ያሳድዳል። በግዛት የተያዘ ደን ውስጥ የተለቀቀ ወጣት ወደ ዳር ይገፋል፤ ዳሩም የሰው መንደር ነው። በጁናር ዙሪያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማሳዎች የተያዙ ነብሮች ወደ ደን እየተወሰዱ ሲለቀቁ፣ ቀደም ሲል በዓመት በአማካይ 4 የነበረው በሰው ላይ የሚደርስ ጥቃት ወደ 17 ከፍ ብሏል። እነዚያ በዱር ያደጉ፣ ማደን የሚያውቁ ነብሮች ነበሩ።

የበሽታው ጉዳይ ደግሞ ለባሌ ልዩ ክብደት አለው። በመንደር ግቢ ከውሻ ጋር የቆየ ግልገል የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስተምፐር የተባለውን ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በባሌ ተራሮች በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅተዋል። ስለዚህ አንድ ነብር ለማዳን ሲባል ሳይመረመርና የለይቶ ማቆያ ጊዜ ሳይጨርስ ወደዚያ መላኩ ሚዛን የማይደፋ ነው።

ዕድሜ ልክ በመጠለያ ማኖር

ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። እኔ አልስማማም፤ ሰው ለለመደ ወይም አካሉ ለተጎዳ ነብር ከሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ አቅራቢያ ያለው እንሰሳ ኮቴ የተባለ የዱር እንስሳት መጠለያ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦ ሸማኔዎችን በሰፊ አጥር ውስጥ ያኖራል። የመጠለያ ችግሩ ዕድሜ ነው፤ ነብር በእንክብካቤ 20 ዓመት ገደማ ሊኖር ይችላል። በቀን በአማካይ 2 ኪሎ ሥጋ ብቻ ይበላል ቢባል እንኳ በ20 ዓመት ከ14 ሺህ ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህን የሚችል ተቋም ጥቂት ስለሆነ ቦታ መኖሩ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። መጠለያ ከተመረጠ ደግሞ ግልገሉን ከሰው መደበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጠባቂዎቹን ሳይፈራ ማደጉ ኑሮውን ያቀልለታል። በመሃል ማወላወል፣ ማለትም ግማሹን ጊዜ እያጫወቱ ግማሹን መደበቅ፣ ለዱርም ለመጠለያም የማይሆን እንስሳ ያወጣል።

በቤት ማሳደግን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ይከለክላል፤ ነብር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም በመጀመሪያው አባሪ የተመዘገበ ነው።

ምርጫው በተግባር

እናቲቱ ሞታለች የሚል ማስረጃ ከሌለ መልሱ ለእናቱ መተው ነው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም። ሞቷ ከታወቀና ግልገሉ ከአምስት ወር በላይ፣ ጤነኛና ሰው የሚሸሽ ከሆነ፣ የሚያሳድገው ተቋምና በግዛት ያልተያዘ ስፍራ ከተገኘ፣ ከተለቀቀም በኋላ በአንገቱ በሚታሰር የሬዲዮ መከታተያ የሚከታተለው ቡድን ካለ ለዱር ማሳደግ ተገቢ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መጠለያ ይመረጣል። «ትንሽ አድጎ እናያለን» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ውሳኔው ግልገሉ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ግልገል ያገኘ ሰው ማድረግ ያለበት ለፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በክልሉ የዱር እንስሳትን ሥራ ለሚመራው ቢሮ ወይም በአቅራቢያው ላለ ፓርክ ማሳወቅ ነው። የተቧጨረ ወይም የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከግልገሉ ጋርም አንድ ወረቀት ይሰጥ፦ የተገኘበት ትክክለኛ ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ አጠገቡ ሌላ ግልገል ነበር ወይ፣ ምን እንደበላ፣ እነማን እንደነኩት፣ በግቢው ውሻ መኖር አለመኖሩ። ብዙዎች የቀበሌውን ስም ብቻ ይጽፋሉ፤ የሚፈለገው ግን የትኛው ገደል ሥር፣ የትኛው ዛፍ አጠገብ እንደነበር ነው፤ ሣጥኑ ማታ የሚቀመጠው እዚያው ነውና።